የቤት ኮምፒዩተር ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ
ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ የደንቢያ ሜዳ ወደ ጣና ሐይቅ በሚዘረጋበት ስፍራ የደንቢያ ወረዳ ዋና ከተማ ቆላ ድባ ትገኛለች። ጤፍና ሽምብራ በሚያበቅል ጥቁር አፈር መካከል የተቆረቆረችው ይህች ከተማ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን ሲያዘጋጁ በሐሳባቸው የምትመጣ አይደለችም። ይሁን እንጂ እንደ ማናቸውም የወረዳ ከተማ በዚህችም ከፍርድ ቤቱና ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ «የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለባት ጠባብ ክፍል አትጠፋም። በእንዲህ ያለች ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽንና የኤሌክትሪኩን ኃይል መዋዠቅ የሚመክት አንድ ስታቢላይዘር ይገኛሉ። የባለቤቲቱ ጥሪት በሙሉ ይኸው ነው።

ወደዚህች ክፍል ከደንቢያ ቀበሌዎች ከአንዱ የመጣ አንድ ገበሬ ይታሰብ። በመሬት ክርክር ተረትቶ ይግባኝ ሊል ይሻል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ቀኑም ሊሞላ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶታል። ጸሐፊዋ ማብሪያውን ብትጫን፣ ደግማ ብትጫን፣ ስክሪኑ እንደ ጨለመ ቀረ። ማሽኑን የሠራው ኩባንያ ስለ ምርቱ ውበት፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ክብደቱ ማነስ ብዙ ተናግሯል። በዚያች ሰዓት ግን ለጸሐፊዋም ሆነ ለባለጉዳዩ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ማሽኑ ሲቆም ማን ይደርሳል?» የሚለው ነው።

የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ ከዚሁ ጥያቄ ይነሣል። ለግለሰብና ለቤተሰብ መገልገያ ይሆን ዘንድ ኮምፒዩተር የሚሠራ ኩባንያ ወደ መሥሪያ ቤቶችና ወደ ነጋዴዎች ፊቱን ሲያዞር ምን ብሎ ያግባባል? የሚገባው ቃልስ እስከ ምን ድረስ ይዘልቃል? ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ሲጠቀስ ዓመተ ምሕረቱ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆኑ «እ.ኤ.አ.» በሚለው ምልክት ይታወቃል።

ሁለት ገዢዎች፣ ሁለት ሚዛኖች

ለቤቱ የሚገዛ ሰው ገዢውም፣ ከፋዩም፣ ተጠቃሚውም እርሱ ራሱ ነው። መልኩ ደስ ካሰኘው፣ ዋጋው ከኪሱ ከተስማማ፣ ጎረቤቱ ወይም ወንድሙ ካመሰገነለት ይገዛል። ቢሳሳት የተሳሳተው በራሱ ገንዘብ ነው።

በመሥሪያ ቤት ግን ጥያቄውን የሚያቀርበው አንዱ፣ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሌላው፣ ፕሮፎርማ የሚያሰባስበው ሌላው፣ ገንዘቡን የሚፈቅደው ሌላው፣ በሞዴል 19 ተረክቦ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ሌላው፣ በመጨረሻም ከማሽኑ ፊት ተቀምጦ ሲሠራ የሚውለው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ሰው ነው። እነዚህ ሁሉ በየበኩላቸው ፍርሃት አላቸው። የግዢ ሠራተኛው ኦዲተርን ይፈራል፤ የንብረት ክፍሉ ጉድለትን ይፈራል፤ ጸሐፊዋ የጻፈችው እንዳይጠፋባት ትፈራለች። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት የሚሸጥ ኩባንያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያቀርብ የሚገባው ውበትን ሳይሆን የፍርሃት ማስታገሻን ነው። ማሽኑ ነገም እንደሚሠራ፣ ቢሰበር እንደሚጠገን፣ መለዋወጫው ከገበያ እንደማይጠፋ፣ ሠራተኛውም እንደሚሠለጥንበት ማሳመን አለበት።

የቤት ኮምፒዩተር ሠሪ ወደ መሥሪያ ቤት ሲዞር የሚገጥመው ችግር ይህ ነው። ስሙን ያተረፈለት ደስታን የመሸጥ ችሎታው ሲሆን አሁን የሚጠየቀው ግን መተማመኛን እንዲሸጥ ነው። ይህንን ችግር በግልጽ ከሚያሳዩት ታሪኮች መካከል የአፕል ኩባንያ ታሪክ አንዱ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ መመልከት ይገባል።

የአፕል መንገድ

አፕል በ1976 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ተቋቁሞ በተከታዩ ዓመት አፕል 2 የተባለውን ኮምፒዩተር ለገበያ አቀረበ። ማሽኑ ባለቀለም ሥዕል የሚያሳይ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ለቤትና ለትምህርት ቤት የታሰበ ነበር። ወደ ነጋዴዎች ጠረጴዛ ያደረሰው ግን የኩባንያው ማስታወቂያ አልነበረም። በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ዳን ብሪክሊን ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖ በ1979 እ.ኤ.አ. ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። ፕሮግራሙ የሒሳብ ሠራተኛ በሰፊ ወረቀት ላይ በመደብና በረድፍ የሚያሰፍራቸውን ቁጥሮች በስክሪን ላይ የሚያሳይ ሲሆን አንዱ ቁጥር ሲለወጥ በእርሱ ላይ የተመሠረቱትን ድምሮች ሁሉ ወዲያው አስልቶ ያስተካክላል። አንድ የሒሳብ ሹም እርሳስና ላጲስ ይዞ በብዙ ሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ በደቂቃዎች ፈጸመ። ቪዚካልክም በመጀመሪያ የሚሠራው በአፕል 2 ላይ ብቻ ስለነበረ ብዙ ነጋዴዎች ፕሮግራሙን ፈልገው ማሽኑን ገዙ። እዚህ ላይ ሊያዝ የሚገባው የመጀመሪያው ትምህርት፣ መሥሪያ ቤት የሚገዛው ማሽን ሳይሆን የራሱን ሥራ የሚሠራለትን ነገር መሆኑ ነው።

ኩባንያው ግን ይህንን ትምህርት ወዲያው አልጨበጠውም። በ1980 እ.ኤ.አ. ለንግድ ሰዎች ብቻ ተብሎ የታቀደውን አፕል 3 አወጣ። ማሽኑ ድምፅ እንዳያሰማ ተብሎ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ሳይገጠምለት ቀረ። ሲሠራ እየጋለ፣ የውስጥ ክፍሎቹ ከሶኬታቸው እየላሉ ብልሽት በዛበት። የተቸገሩ ደንበኞች ማሽኑን ጥቂት ከፍ አድርገው በጠረጴዛ ላይ እንዲጥሉት፣ የላሉት ክፍሎችም በዚያው ቦታቸውን እንዲይዙ ተመክረው እንደነበር ይተረካል። ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን ማሽኖች በሌላ ለመለወጥ ቢገደድም አንዴ የሸሸ እምነት በቀላሉ አልተመለሰም። ለቤት ጌጥ የሚስማማው ዝምታ ለመሥሪያ ቤት የሚያስፈልገውን ጽናት አጠፋበት።

በዚሁ መካከል በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. አይ.ቢ.ኤም. የራሱን የግል ኮምፒዩተር ይዞ ወደ ገበያ ገባ። አይ.ቢ.ኤም. ከመሥሪያ ቤቶች ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው፣ ሻጮቹና ጠጋኞቹ በየባንኩና በየኢንሹራንሱ የታወቁ ኩባንያ ነበር። አፕል በዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ ተፎካካሪውን «እንኳን ደኅና መጣህ» በሚል መንፈስ ተቀበለው። ቀልዱ ያምር ነበር፤ ሆኖም የመሥሪያ ቤት ገዢዎች በቀልድ አልተማረኩም። የሚያውቁትን ስም፣ የሚያውቁትን የጥገና ውል መረጡ።

ቀጥሎ በጥር 1983 እ.ኤ.አ. ሊሳ የተባለው ማሽን በ9,995 ዶላር ዋጋ ቀረበ። በሥዕላዊ ምልክቶችና በእጅ በሚንቀሳቀስ ማውዝ የሚታዘዝ፣ ከዘመኑ የቀደመ ሥራ ነበር፤ ዋጋው ግን ገዢን አባረረ። በጥር 1984 እ.ኤ.አ. ማኪንቶሽ በ2,495 ዶላር ተከተለ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ሰዎች ማሽኑን ወደ ቤታቸው ወስደው እንዲሞክሩት የሚጋብዝ ዘመቻ ተካሄደ። ለመሥሪያ ቤት ሽያጭ ደግሞ በጥር 1985 እ.ኤ.አ. «የማኪንቶሽ ቢሮ» የተባለው ዕቅድ ይፋ ሆነና ከፍተኛ ተመልካች ባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ መካከል አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ታየ። በማስታወቂያው ውስጥ ኮትና ከረባት የለበሱ፣ ዓይናቸው በጨርቅ የታሰረ ሰዎች በሰልፍ እየተጓዙ ተራ በተራ ወደ ገደል ይወድቃሉ። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ሌላ ኩባንያ የመረጣችሁ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ናችሁ ማለት ነው። በአገራችን ደጅ የሚጠና ሰው ባለቤቱን ሰድቦ እንደማይገባ ሁሉ በአሜሪካም የተሰደበ ገዢ ቦርሳውን አልፈታም። ከዚህም በላይ ማስታወቂያው ሊያስተዋውቀው ከሞከረው ዕቅድ ዋናው ክፍል፣ ማለትም ሠራተኞች ሁሉ ፋይል የሚጋሩበት ማዕከል፣ በጊዜው ተሠርቶ አላለቀም ነበር። ስድቡ ደረሰ፤ ዕቃው ግን አልደረሰም።

ማኪንቶሽን ከመሥሪያ ቤት ያስገባው በዚያው ዓመት የተገኘ ሌላ ነገር ነው። ሌዘር ራይተር የተባለው የአፕል ማተሚያ፣ ከአዶቤ ኩባንያ የገጽ አጻጻፍ ዘዴና አልደስ የተባለው ኩባንያ በሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. ካወጣው ፔጅ ሜከር ፕሮግራም ጋር ሲጣመር፣ አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጽሑፍና ሥዕል አቀናብሮ የማተሚያ ቤት ጥራት ያለው ገጽ ማውጣት ቻለ። ማተሚያው 6,995 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ቢሆንም ገዢ አላጣም። አሳታሚዎች፣ ጋዜጦችና የማስታወቂያ ድርጅቶች ማኪንቶሽን የገዙት በአብዛኛው ሥራቸውን ስለሠራላቸው እንጂ ማንም አግባብቷቸው አልነበረም። በ1979 እ.ኤ.አ. የሒሳብ ሹሙ የገባበት በር በ1985 እ.ኤ.አ. ለአሳታሚው እንደ ገና ተከፈተ።

በሠራተኛው ኪስ በኩል

ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ መንገድ ታየ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፎን ለግለሰብ የተሠራ ስልክ ነበር። ሠራተኞች በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው ወደ ሥራ ቦታ ይዘውት ገቡ፤ አለቆችም ራሳቸው ያዙት። የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊዎች በመጀመሪያ ቢቃወሙም ኩባንያው በ2008 እ.ኤ.አ. የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ቀጠሮ ከስልኩ ጋር የሚገናኝበትን ዘዴ ጨመረ። በሐምሌ 2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፕል ያንኑ የቀድሞ ባላንጣውን አይ.ቢ.ኤም.ን አጋር አድርጎ ለባንክ፣ ለአየር መንገድና ለሕክምና ሥራ የሚሆኑ ፕሮግራሞችን ለማቅረብ ስምምነት አደረገ። የጥንቱ ተፎካካሪ የእምነት ዋስ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚሸጠው ነገር ጠባዩ ተለውጧል። አፕል በ2018 እ.ኤ.አ. የመሥሪያ ቤት ዕቃዎችን ከአንድ ቦታ ለመቆጣጠር የሚያስችል አገልግሎት አቀረበ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ለሚገኙ እስከ 500 ሠራተኞች ላሏቸው ድርጅቶች ቁጥጥርን፣ የፋይል ማከማቻንና ጥገናን በወር ክፍያ አጠቃሎ የሚሰጥ አገልግሎት አስተዋወቀ። አዲስ ኮምፒዩተር ከካርቶኑ ሲወጣ በኢንተርኔት አማካይነት የየትኛው መሥሪያ ቤት ንብረት እንደሆነ ራሱ አውቆ የተዘጋጀለትን ደንብ ይቀበላል። ሌሎችም በየመንገዳቸው ተጉዘዋል። ዴል ለብዙ ዓመታት ኢንስፓይሮን የተባለውን ለቤት፣ ላቲቲዩድ የተባለውን ለመሥሪያ ቤት ሲለይ፣ ኤች.ፒ. በበኩሉ ፓቪሊዮንን ከኤሊት ቡክ ለይቷል። ሌኖቮ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የአይ.ቢ.ኤም.ን የግል ኮምፒዩተር ክፍል በመግዛት ቲንክ ፓድ የተባለውንና በመሥሪያ ቤቶች የታመነውን ስም ወረሰ። በእነዚህ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ወገን በቀላሉ ተፈትቶ የሚጠገን፣ መለዋወጫው ረዘም ላለ ጊዜ የሚገኝ፣ ጠጋኝ እስከ ደንበኛው ቢሮ የሚመጣበት የዋስትና ውል ሊታሰርለት የሚችል ነው። ለቤት የሚሸጠው ማሽን ነው፤ ለመሥሪያ ቤት የሚሸጠው ግን ከማሽኑ ጋር የተጣመረ የአብሮነት ቃል ኪዳን ነው።

የፊደሉ በር በኢትዮጵያ

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ያው ሕግ በሌላ መልክ ይታያል። የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውም በፊደል የሚጻፍ ነው። ፊደልን የማያውቅ ማሽን፣ ሌላው ችሎታው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ከጠረጴዛ ማሞቂያነት አያልፍም። ይህ እውነት ከኮምፒዩተር በፊት ታውቋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና በደከሙበት ዘመን የነበረው ችግር፣ ከሁለት መቶ የሚበልጡትን ፊደላት በጥቂት አዝራሮች ላይ ማሳረፍ ነበር። ኋላም የኢጣሊያው ኦሊቬቲ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሠርቶ በማቅረቡ በኢትዮጵያ ቢሮዎች ስሙ የታወቀ ሆነ። ኦሊቬቲ ወደ ቢሮው የገባው በፊደሉ በር ነው።

የግል ኮምፒዩተር በተስፋፋ ጊዜ ግን ያንን በር የከፈቱት ታላላቆቹ ኩባንያዎች አልነበሩም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መካከል አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በየበኩላቸው ፊደልን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን አዘጋጁ። ቀጥሎም ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ የተባሉት ፕሮግራሞች በአገር ውስጥ ቢሮዎችና በጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ ተለመዱ። ኮምፒዩተሩ የባዕድ ቢሆንም የቢሮ ዕቃ ያደረገው የአገር ልጅ ሥራ ነው። ቪዚካልክ ለአፕል 2 ያደረገለትን እነዚህ ፕሮግራሞች በኢትዮጵያ ለገባው ኮምፒዩተር ሁሉ አደረጉለት ማለት ይቻላል። ሠሪዎቹ ኩባንያዎች ግን ለዚህ ሥራ የከፈሉት ዋጋ አልነበረም።

ያ ዘመን ጉድለትም ነበረበት። ፕሮግራሞቹ ለፊደላቱ የሰጧቸው ቁጥሮች የተለያዩ ስለነበሩ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ባለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መለያ ሥርዓት በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን ሲያካትት ለዚህ ችግር መፍትሔ ተገኘ። ማይክሮሶፍት በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ አስገባ፤ አፕልም ኬፋ የተባለውን በማክ ኮምፒዩተሮቹ ውስጥ አካተተ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች በሩን ያንኳኩት ቤቱ ከተሠራ በኋላ ነበር።

ማስታወቂያው የማይደርስበት ደጃፍ

አሁን ወደ ቆላ ድባ መመለስ ይቻላል። ለመሥሪያ ቤት የሚደረገው ማግባባት በዚያ በምን መልክ ይደርሳል?

በመጀመሪያ የግዢው ሥርዓት ራሱ የስምን ኃይል ያደክማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 የተተካው የፌዴራል መንግሥት የግዢና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649፣ የዕቃው ዝርዝር በአንድ የንግድ ስም ላይ እንዳይታጠር፣ ሌላ መግለጫ ጠፍቶ ስም ቢጠቀስ እንኳ «ወይም ተመጣጣኝ» እንዲባል የሚጠይቅ ነበር። መርሁ ቅን ነው፤ አድልዎን ይከለክላል። ሆኖም በየቢሮው የተለመደው አሠራር ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጥ ሲሆን፣ ለቤት የተሠራው ማሽንና ለመሥሪያ ቤት የተሠራው ማሽን በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። የሁለቱም የማስታወሻ መጠን፣ የሁለቱም የስክሪን ስፋት እኩል ሊሆን ይችላል። የማይጻፈው የጥገናው ውል፣ የመለዋወጫው ዕድሜና የማጠፊያው ጥንካሬ ነው። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በዋጋ ውድድር ይሸነፋል። ከዚህም የተነሣ ርካሹ የቤት ኮምፒዩተር፣ ኩባንያው አንዲት ቃል ሳይናገርለት፣ መሥሪያ ቤት ይገባል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ገንዘቡ እንዳይመለስ በሚደረገው ጥድፊያ ይህ ይብሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በሰኔ የተገዛው በመስከረም ይቆማል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዋን የመሰሉ ትንንሽ ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ የሚገዙት ያገለገለ ማሽን ነው። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመታት ሠርተው የተሰናበቱ ላቲቲዩዶች፣ ኤሊት ቡኮችና ቲንክ ፓዶች በአዲስ አበባ ሱቆች በኩል ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳሉ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም መገለባበጥ አለ። ለቤት የተሠራው ማሽን በጨረታ መሥሪያ ቤት ሲገባ፣ ለመሥሪያ ቤት የተሠራው ደግሞ አርጅቶ የትንሽ ነጋዴ ንብረት ይሆናል። ጽኑው አካሉ ቀርቷል፤ የዋስትናው ቃል ኪዳን ግን ከመጀመሪያው ገዢ ጋር ቀርቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ አዲስ ማሽን መግዛት ለእንዲህ ያለ ነጋዴ ይበልጥ ሩቅ ሆኗል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ቃል ኪዳኑ ራሱ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል። ከላይ የተጠቀሰው ከካርቶኑ ሲወጣ ራሱን የሚያዘጋጅ ኮምፒዩተር ድንቅ የሚሆነው መስመር ባለበት አገር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ለመከፈት የኢንተርኔት ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል ሸክም እንደሚሆን ታይቷል። ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ሲያቆም፣ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን አሮጌ ማሽኖች የማይቀበል ሆነ። በሌላው አገር ይህ አዲስ ለመሸጥ ጥሩ ምክንያት ነው። በቆላ ድባ ግን ገና የሚሠራ ማሽን ከለላ ሳይኖረው በሥራ ላይ ይቆያል ማለት ነው።

እንግዲህ ኩባንያዎች ለመሥሪያ ቤት የሚሸጡት ዋና ነገር የአብሮነት ቃል ኪዳን መሆኑ ከታወቀ፣ ያ ቃል ኪዳን ከቆላ ድባ ሳይደርስ እንደሚቆምም መታወቅ አለበት። ጠጋኝ እስከ ደንበኛው ቢሮ ይመጣል የሚለው ውል እዚያ የለም። የማሽኑን ስም ተሸክሞ የሚገኘው በጎንደር ከተማ አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ መፍቻና መበየጃ ይዞ የተቀመጠው ጠጋኝ ነው። ለቆላ ድባዋ ጸሐፊ ኩባንያው ማለት እርሱ ነው፤ ኩባንያው ግን ስሙንም አያውቀውም።

ከአካባቢው የሚገኝ ምሳሌ

ይህ የማይድን ችግር ነው ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። መሣሪያን ከባለሙያ ጋር አጣምሮ ወደ ገጠር ማድረስ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በዚያው በጎንደር አካባቢ ይገኛል። በ1953 እ.ኤ.አ. በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በተከታዩ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋም ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ሲሆን፣ ሦስቱም በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ እንዲሠሩ የታሰበ ነበር። ቆላ ድባም ተማሪዎቹ በመስክ ከሠለጠኑባቸው ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። መድኃኒቱ ብቻውን አልተላከም፤ የሚሰጠው፣ የሚከታተለውና ምንጩን የሚያደርቀው ሰው አብሮ ተላከ።

ኮምፒዩተር ወደ ወረዳ ሲላክ ግን ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ ብቻ ነው የሚላከው። የመድኃኒት ፋብሪካ ለደንቢያ ነርስ እንዲያሠለጥን እንዳልተጠበቀ ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ፋብሪካም ለቆላ ድባ ጠጋኝ ያሠለጥናል ተብሎ አይጠበቅም። ይህ ከአገር ውስጥ ባለሙያ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

ሥራው የሚጀምረው ከግዢው ዝርዝር ነው። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ወይም የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ምክር ሲጠይቅ፣ መሐንዲሱ የፍጥነትና የማስታወሻ ቁጥር ብቻ ጽፎ ሊለቅ አይገባውም። ማሽኑ ፊደልን በዩኒኮድ ሥርዓት መጻፍና ማተም እንደሚችል በርክክብ ዕለት በተግባር እንዲፈተሽ ይጻፍ። ዋስትናው የሚፈጸምበት ከተማ ጎንደር መሆኑና ብልሽት በተነገረ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጠገን በቁጥር ይጠቀስ። ባትሪ፣ የኃይል መሙያና ቶነር ከማሽኑ ጋር በመለዋወጫነት ይቅረቡ። ያለ ኢንተርኔት ተከፍቶ ሥራ መጀመር የሚችል መሆኑ ይረጋገጥ። ጸሐፊዋ የጻፈችውን በሁለተኛ ዕቃ ላይ ገልብጣ ማስቀመጥን፣ የንብረት ሠራተኛውም ቀላል ብልሽትን ለይቶ ማወቅን የሚማሩበት ጥቂት ቀን በውሉ ውስጥ ይካተት። እነዚህ ሁሉ የንግድ ስም ሳይጠሩ ሊጻፉ የሚችሉ ናቸው፤ ከተጻፉም የዋጋው ውድድር በእኩያዎች መካከል ይሆናል። የሚሸጠው ኩባንያ በማስታወቂያው የሚናገረውን በውል እንዲናገር ይገደዳል። በቃል ብቻ የተሰጠ ተስፋ በሞዴል 19 አይመዘገብም።

ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም ነው። ዋስትና ያለው ማሽን ከሌለው ይወደዳል፤ በተወሰነ በጀት አሥር የሚገዛው ስምንት ብቻ ሊገዛ ይችላል። ነገር ግን ከአሥሩ ሦስቱ በዓመቱ ውስጥ ቆመው በመጋዘን ከተከመሩ፣ ስምንት የተገዛበት ወረዳ አሥር ከተገዛበት ይበልጣል። ይህንን ሒሳብ ለአስተዳዳሪው በግልጽ ማስረዳት ከባለሙያው ግዴታዎች አንዱ ነው። ራሷን ችላ ለምትሠራው ጸሐፊ ደግሞ ውል የሚጽፍላት የግዢ ክፍል የላትም። እርሷን የሚረዳት በጎንደር ያለው ጠጋኝ በሙያው እንዲበረታና አሮጌዎቹን ማሽኖች በሚገባ እንዲያውቅ ማድረግ፣ እንዲሁም ነጻ የሆኑ ፕሮግራሞችን በአሮጌው ማሽን ላይ መትከልን ማስተማር ነው።

አፕል በረጅም ዘመን፣ በብዙ ኪሳራ የተማረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ መሥሪያ ቤት በውበትና በቀልድ ለጊዜው ይማረክ ይሆናል፣ የሚጸናው ግን ሥራውን ከሚሠራለትና በችግሩ ቀን ከሚደርስለት ጋር ነው። ኦሊቬቲ ይህንን በፊደል በር ገብቶ አሳይቷል። የፊደል ፕሮግራሞችን የሠሩት ኢትዮጵያውያንም የኩባንያዎቹን ፈቃድ ሳይጠብቁ አሳይተዋል።

በመጀመሪያ የተጠቀሰው የደንቢያ ገበሬ ማሽኑን የሠራውን ኩባንያ ስም አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገው። እርሱ የሚጠብቀው ይግባኙ በፊደል ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ቀኑ ሳያልፍ በመዝገብ ቤቱ መስኮት እንዲገባለት ነው። ኩባንያዎቹ ለመሥሪያ ቤት የሚገቡት ቃል እስከዚያ መስኮት ድረስ እንዲዘልቅ ማድረግ ለማኅበሩ አባላት የተተወ ሥራ ነው።